ቆይ

የሌሊቱ ፈረቃ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀር፣
ከአሥራ ሰባተኛው የሽመና ማሽን ሥር፣
ከሙሄ አሊጋዝ እጅ መፍቻው ወደቀ።
ሃያ ስድስት ዓመት ሳይጥል የኖረ ጣት፣ በአንዴ ለቀቀ።
«ጋሽ ሙሄ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ጩኸቴን ማሽኑ ዋጠው፤
አፉ ወደ ግራ ሄደ፤ ከሞላው ቃል ሁሉ
«ቆይ» ነው የወጣው።
«ቆይ።» ደግሞ «ቆይ።»

እዚህ ፋብሪካ አንዲት ክር ስትበጠስ
ማሽኑ ራሱ ይቆማል፣ ሰው መጥቶ እስኪቀጥል ድረስ።
እሱ ነው ያስተማረኝ።

አምቡላንስ ጠፋ። ጥበቃው እብሬ ሚኒባስ ለመነ፤
ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ ከመንገዱ በለጠ፣ መስታወቱን ከደነ።
ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጠርዙን ይፈልጋል፤
እኔ ሰዓቱን አያለሁ። ሰዓት በቀኝ ነው የሚያስረው፤
እጁ ቆሟል፣ ሰዓቱ ይሄዳል።

ኮምቦልቻ ያላበኝ ላብ ደሴ ላይ ቀዘቀዘ።
ዶክተር ትብለጥ ፎቶውን ወደ መብራት አነሳች፣ ፊቷ ፈዘዘ፤
«የረጋ ደም ነው» አለች፣ «ምስር የማታህል፣
ቦዩን ዘግታበት።»
«ቦዩ ሲከፈትስ? ይድናል?»
ዝም አለች። ከዚያ፣ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ።
«ሽመና።»
«እንግዲያው ይገባሃል።

በየሕዋሱ ውስጥ መቀስ አለ፤ ኢንዛይም ነው ስሙ፣ ፕሮቲን ይቆርጣል፤
በደህናው ቀን ያረጀ ክር ለቅሞ፣ ቤት ሲያጸዳ ይውላል።
ደም ሲቀር ግን መብራት ይጠፋል፣
ካልሲየም በሩን ገፍቶ ይገባል፣
መቀሱም ከሰገባው ይወጣል።
ጨለማ ነውና ውዳቂውን ከድሩ አይለይም፤
ማገሩን ይቆርጣል፣ ወራጁን ይቆርጣል፣ እጁ አይዝልም።»

«ደም ሲመለስስ?»

«ሲመለስ ሌሎች መቀሶች አብረውት ይገባሉ፤
የደም ሥሩን ግድግዳ የሸመነውን ክር ይፈታሉ፤
አጥሩ ሲሳሳ ውሃ ይሰርጋል፣ አንጎል ያብጣል፤
ራስ ቅል አጥንት ነው፣ እንደ ሆድ አይሰፋም፤
ያበጠው የት ይወጣል?»

እኔ ሌባ መስሎኝ ነበር፣ ከውጭ የመጣ።
ለካ የቤት ሰው ነው፤ ትናንት ሲጠርግ የዋለ፣
ማንም ሳይጠራው ዛሬ መጋዙን ይዞ የወጣ።
«ታዲያ ቀሙት!» አልኳት።
ሳቀች፤ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ሳቅ።
«ብንቀማው እኮ በኋላ እንፈልገዋለን።
ሳምንታት ሲያልፉ፣ ይላሉ የሚያጠኑት፣
ይኸው መቀስ ነው ጥራጊውን አንስቶ
ለአዲስ ክር መንገድ የሚያወጣለት።
የቸገረን መቀሱ አይደለም፣ ልጄ። ሰዓቱ ነው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤
ያ ሌሊት ግን ውሻውም ቤተሰቡን ነከሰ።
ሦስት ቀን ያበጠ ራስ፣ ሦስት ቀን የማይከፈት ዓይን፤
ጦሳ ላይ ጉም ወጣ፣ ጉም ወረደ፣
ልጁ ዘምዘም ኮሪደሩን በእግሯ ለካች፣ ደግማም ለካች፣
ዱዓዋ ከከንፈሯ ሳይወጣ፣ ሳይጮኽ ነጎደ።

በሃያ አራተኛው ቀን የክር ጥቅል ይዤ ሄድኩ፣
ከአሥራ ሰባተኛው የተረፈች፣ ነጭ።
አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤
ግማሽ ፊቱ ያውቀኛል፣ ግማሹ ገና እየመጣ ነው።
ሁለት ጫፍ ክር መዳፉ ላይ አኖርኩ።
አየው። አየኝ።
በዓይን ጥቅሻ የሚቋጥረው ቋጠሮ፣
እኔን አንድ ወር የፈጀብኝ፣
አውራ ጣቱ ሄዳ ጠፋች፤
ሌባ ጣቱ ተንቀጠቀጠች፤
ክሩ ወደቀ።
አነሳሁለት።
ደግሞ ወደቀ።
በሦስተኛው ጫፍ ከጫፍ ተነካክቶ፣ ሊያዝ ሲል፣
አላስቻለኝም፤ ልረዳው እጄን ሰደድኩ፤
ቀና ብሎ፣ በዚያ በድሮው፣ በማሽኑ ጩኸት መሃል በሚሰማው ድምፅ፣
«ቆይ» አለኝ።